ከተማ ስንወጣ የት ገብተን ምን እንብላ?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ተነስተን ለሕክምና፣ ለገበያ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ስንገባ የት ገብተን ምን እንብላ? ቤታችን ሳለን ይህ ጥያቄ የለም። በጉም ዶሮውም በቢስሚላህ የታረደ ነው፤ ድስቱም የራሳችን ነው። ከቤት ስንወጣ ግን ብዙዎቻችን አንድ መፍትሔ ብቻ እናውቃለን፤ እርሱም ጦም መዋል ነው። ለጤነኛ ወጣት ግማሽ ቀን ሳይበሉ መዋል ብዙ አይጎዳም። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ቤተሰቤ ነው።

አጎቴ ላይ የደረሰው

አጎቴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። የስኳር በሽታ ካገኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ለዓይናቸው ምርመራ ከዓለም ከተማ በአውቶቡስ ጀማን ወርደው፣ ለሚ ወጥተው፣ በሙከጡሪ በኩል አዲስ አበባ ገቡና ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ወረፋ እንዳያልፋቸው በሌሊት ተነሡ። ዳቦ ቢቀርብላቸው "ስመለስ እበላለሁ" ብለው የስኳር ኪኒናቸውን በሻይ ውጠው ከልጃቸው ጋር ወጡ።

ካርድ ማውጣቱ፣ ወረፋው፣ ምርመራው እኩለ ቀን አለፈው። ከዚያ ምግብ ፍለጋ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቤት በሩ ላይ መስቀል አለበት። ሁለተኛው የቢራ ማስታወቂያ ሰቅሏል። ሦስተኛው ምልክት የለውም፤ አጎቴ ግን "ምን እንደሚያበስሉ በምን አውቃለሁ?" ብለው ከደጁ ተመለሱ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሥራዬ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

"እህቴ፣ አባባ ላብ በላብ ሆነዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚናገሩትም አልገባኝም።"

"ዛሬ ምን በሉ?"

"ምንም። የሙስሊም ቤት አጥተን እየዞርን ነው።"

"ኪኒኑንስ?"

"እሱንማ በጠዋት ውጠዋል።"

"ይሰሙሃል? መዋጥ ይችላሉ?"

"ይችላሉ።"

"ካጠገብህ ካለው ሱቅ ለስላሳ መጠጥ ግዛ፤ ስኳር ያለውን። አስቀምጣቸውና በትንሽ በትንሹ አጠጣቸው። ስልኩን አትዝጋው።"

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አጎቴ ስሜን ጠርተው አናገሩኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ኋላ ላይ የአጎቴ ልጅ የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አጎቴ መንገድ ዳር ሲንገዳገዱ ያዩ ሰዎች "ሽማግሌው ጠጥተው ነው" እያሉ አልፈዋቸዋል። በዕድሜ ልካቸው አስካሪ መጠጥ ቀምሰው ለማያውቁ ሰው!

ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ "ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በፊት" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ከየትኛው ምግብ በፊት? መንገድ ሲወጡስ የት ይበላሉ?" ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ይህን መድኃኒት ለማንም ስሰጥ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ኪኒኑ ምን አደረጋቸው?

አጎቴ የሚወስዱት ግሊበንክላሚድ የሚባለውን ነው፤ ብዙ ሰው ዳኦኒል በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ይህ መድኃኒት ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን እንድታመነጭ ያደርጋል። ምግብ ገባ አልገባ አይጠይቅም። ምግብ ከገባ ኢንሱሊኑ የምግቡን ስኳር ያወርዳል። ምግብ ካልገባ ግን በደም ውስጥ ያለውን ያንኑ ጥቂት ስኳር ያወርደዋል። አንጎላችን ዋና ምግቡ ስኳር ስለሆነ ሲያጣ ይደናገራል። መርፌ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም አደጋው ያው ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም አያመጣም።

የስኳር መውረድ ምልክቶች ድንገተኛ ረሃብ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ራስ ምታትና ብዥታ ናቸው። ሲብስ የንግግር መዘባረቅ፣ መንገዳገድና ራስን መሳት ይከተላል። በመሣሪያ ሲለካ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል። መሣሪያ ከሌለ ግን ለመለካት ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ አጠጡት። "ያለ ስኳር" የሚል የተጻፈበት ለስላሳ አይጠቅምም።

2. 15 ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻለው ያንኑ ድገሙ።

3. ሲሻለው በዚያ አታቁሙ። እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ አብሉት። ግሊበንክላሚድ እስከ 24 ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በተለይ በዕድሜ የገፉና የኩላሊት ችግር ያለባቸው ሰዎች ቢሻላቸውም ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

4. ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ወደፊት ደግሞ ምግቡ እፊታችሁ ሳይቀርብ፣ ወይም እርግጠኛ ሳትሆኑ፣ ይህን ኪኒን አትዋጡ፤ ፈጣኑን ኢንሱሊንም አትወጉ። በራሳችሁ ፈቃድም መድኃኒቱን አታቋርጡ። ብዙ የምትጓዙ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩት። ስኳርን እንዲህ የማያወርዱ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይርላችሁ ይችላል።

ያ ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ሐራም ነበር?

አጎቴ ሲሻላቸው "ልጄ፣ ሐራም ከምበላ ብዬ እንጂ ርቦኝ ነበር" አሉኝ። እኔም "አጎቴ፣ ዕለቱ እኮ ረቡዕ ነበር" አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን የሥጋ ነገር ግልጽ ነው። ሥጋ ቤቱና ምግብ ቤቱ የሙስሊም ከሆነ ጨረቃና ኮከብ ወይም "ሐላል" የሚል ጽሑፍ፣ የክርስቲያን ከሆነ ብዙ ጊዜ መስቀል ይታይበታል። እኛም የእነርሱን እርድ አንበላም፤ እነርሱም የእኛን አይበሉም። ለዘመናት በመከባበር የኖርንበት ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የምግብ ቤት ምግብ ሁሉ ሥጋ አይደለም። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ይህ ጾም የለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የገና ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይጀምራል። በእነዚህ ቀናት የሚቀርበው የጾም ምግብ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ በዘይት የተሠራ ነው። "የጾም በያይነቱ" ብሎ ማዘዝ ማለት ሥጋ የሌለበት ምግብ ማዘዝ ነው። በፍስክ ቀንም ቢሆን ብዙ ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ አያጡም።

"ድስቱስ? ቢላዋውስ? መጠጥ የሚሸጥበት ቤት መቀመጡስ?" የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰጡት ግን ዑለማዎቻችን እንጂ እኔ አይደለሁም። በመድረሳ ስንማር የተነገረንን ብቻ ላስታውሳችሁ። ዲናችን ነፍስን መጠበቅን ከታላላቅ ዓላማዎቹ ያደርገዋል፤ ለሕመምተኛና ለመንገደኛም ማቅለያ አድርጓል። የምመክራችሁም ይህን ነው። ጥያቄውን መንገድ ላይ በራባችሁ ሰዓት ሳይሆን ከመነሣታችሁ በፊት የመስጊዳችሁን ኢማም ጠይቁ። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ አባትና እናት ያላችሁ ልጆች አብራችሁ ሂዱና ጠይቁላቸው። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ከምግብ ቤት ደጅ ላይ አይጨነቅም።

አስተናጋጁን መጠየቅ ነውር አይደለም

ስናዝዝ የሚያሳስቱን ጥቂት ስሞች አሉ። "ሽሮ" ስንል ሥጋ የተጨመረበት ቦዘና ሽሮ ሊመጣ ይችላል። "ፓስታ" ስንል ሥጎው የሥጋ ሊሆን ይችላል። የአትክልት ሾርባም በሥጋ ወይም በአጥንት መረቅ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ "ሥጋ አለበት?" ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ "መረቁ በምን ተሠራ? የሚጠበስበት ዘይት ሥጋ ተጠብሶበታል?" ማለትም ያስፈልጋል። ዓሣ እርድ የማይፈልግ ሐላል ምግብ ስለሆነ ጥሩ አማራጭ ነው። እንቁላል፣ ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ጭማቂ በየትኛውም ከተማ አይጠፋም።

አዲስ አበባ ለሚገቡ ደግሞ የሙስሊም ምግብ ቤት ፍለጋ ብዙ አያደክምም፤ የት እንደሚፈለግ ማወቅ ነው። መርካቶ በአንዋር መስጊድ አካባቢ፣ እንዲሁም የሶማሌ ምግብ በሚዘወተርበት በቦሌ ሚካኤል ሰፈር በብዛት አሉ። በሌላ ሰፈር ከሆናችሁም ቅርብ ያለውን መስጊድ ፈልጉ። ዙሁርን ሰግዳችሁ ከጀመዓው አንዱን ብትጠይቁ በደስታ ያሳያችኋል። አጎቴም ያን ዕለት እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ ሶላታቸውንም ምሳቸውንም ባንድ ቦታ ባገኙ ነበር።

የውጭ አገር ምግብ ቤት ስንጋበዝ

ዛሬ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን በብዙ አገር ተበትነዋል። ደቡብ አፍሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ዘመድ ሲመጣባቸው ወደ ሬስቶራንት ይወስዳሉ። ለምሳሌ ያህል ዋጋው መካከለኛ የሆነውን የፖርቹጋሎችን ምግብ እንውሰድ። ፖርቹጋሎችን ከታሪክ እናውቃቸዋለን፤ በ1541 (እ.ኤ.አ.) ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር ሊዋጉ መጥተው ነበር። ቃሪያና በርበሬ መጀመሪያ የተገኙት በአሜሪካ ምድር ሲሆን ወደ አፍሪካና እስያ በመርከብ ካዳረሱት ዋነኞቹ እነርሱ ናቸው። የዛሬው ታዋቂ ምግባቸው ፒሪ ፒሪ ዶሮም የሚሠራው በዚሁ በሚያቃጥል ቃሪያ ነው። ለእኛ ለበርበሬ ወዳጆች ቅመሙ እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆኑብን ከውስጥ የተደበቁት ነገሮች ናቸው።

"ካልዱ ቬርድ" የሚባል ሾርባ አላቸው። ሲያዩት ጎመንና ድንች ብቻ ይመስላል። በልማዱ ግን "ሾሪሱ" የሚባል የአሳማ ቋሊማ ይከተፍበታል። "ቱሲኞ ዱ ሴዉ" የሚባለው የለውዝና የእንቁላል ኬክ ደግሞ ስሙ ራሱ "የሰማይ የአሳማ ስብ" እንደማለት ነው፤ በጥንቱ አሠራር የአሳማ ስብ ይገባበታል። ሥጋና ዶሮም ብዙ ጊዜ በወይን ጠጅና በነጭ ሽንኩርት ተዘፍዝፎ ያድራል። "ሲበስል አልኮሉ ይተናል" ይባላል። እውነቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይተንም፤ ረጅም ሰዓት ቢበስልም ጥቂት ይቀራል፣ ለአጭር ጊዜ ከበሰለ ደግሞ ብዙው ይቀራል።

ጥሩ ዜናም አለ። ፖርቹጋሎች የባሕር ሰዎች ስለሆኑ ዓሣ ይወዳሉ። በፍም የተጠበሰ ሰርዲን ለልብ ጤና ተስማሚ ነው። "ባካልያው" የሚሉት ደረቅ ዓሣ ግን በጨው የደረቀ ነው። ከመብሰሉ በፊት አንድና ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ቢያድርም ጨው ስለማያጣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ይጠንቀቀው። ዶሮን በተመለከተ ስሙ ታዋቂ ስለሆነ ብቻ ሐላል ነው አትበሉ። በ1987 (እ.ኤ.አ.) በጆሃንስበርግ የተመሠረተው ናንዶስ እንኳ በእንግሊዝ አገር አንዳንዶቹ ቅርንጫፎቹ ሐላል ዶሮ ሲያቀርቡ ሌሎቹ አያቀርቡም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ እርዱ ሐላል ነው? ወይን ወይም ሌላ አልኮል ገብቶበታል? የአሳማ ስብ ወይም ቋሊማ አለበት?

ሐላል ሆኖ ጤናን የሚጎዳም አለ

ቁርኣን ሐላሉን ሲያነሣ ጠይብ መሆኑንም አብሮ ያነሣል፤ መልካምና ንጹሕ ማለት ነው። በሙስሊም ቤት ስለበላን ብቻ ጤናችንን ጠበቅን ማለት አይደለም።

ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ። የኮሶ ትል የሚይዘን በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። ቢስሚላህ የተባለበት ሥጋም ትሉን አይገድለውም፤ የሚገድለው እሳት ነው። "የበሰለ" ብላችሁ እዘዙ። ያልፈላ ወተትም እንደዚሁ ብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን ያስተላልፋል።

ጥሬ ሰላጣና ውኃ። በመንገድ ላይ ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያ የሚይዘን በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው። ትኩስና የበሰለ ምግብ ምረጡ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በተለይ ከአንድ ትሪ በጋራ ስትበሉ።

ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። የምግብ ቤት ወጥ ደግሞ ጨውና ማጣፈጫ ይበዛበታል። ግፊት ያለባችሁ መረቁን አትጨርሱት። ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒንም "መንገድ ላይ ያስቸግረኛል" ብላችሁ አትዝለሉ፤ ሰዓቱን ማዛወር ስለሚቻል ሐኪም ጠይቁ።

ለስላሳ መጠጥ። አጎቴን ያተረፋቸው ለስላሳ ለልጆች በየምሳው ሲሰጥ ጎጂ ነው። አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ7 እስከ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። ለልጆቻችሁ ውኃ እዘዙላቸው።

ሻይና ቡና። ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነታችን እንዳያገኝ ያደርጋሉ። ነፍሰ ጡር እህቶች አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ፤ የብረት ኪኒናችሁንም በሻይ አትዋጡ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ በወተት አይዋጣቸው።

ብዛት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ እንድንከፍለው አስተምረውናል። አራት ሰው ከሆናችሁ ለሦስት ሰው አዝዛችሁ ባንድ ትሪ ብሉ። ሆዳችሁም ኪሳችሁም ይተርፋል።

ስንቅ መያዝ አይቅር

እናቶቻችን መንገደኛን ያለ ስንቅ አይሸኙም ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የገብስ ቆሎ ይዞ ከተማ መግባት የሚያፍሩበት ሆኗል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። የመንዝ ገብስ ቆሎና በሶ ሐላልነቱ የማያጠራጥር፣ የማይበላሽ፣ የሚያጠግብ ምግብ ነው። የስኳር ሕመምተኛ በተጨማሪ ለድንገተኛ የሚሆን ጥቂት ስኳር፣ ከረሜላ ወይም ተምር ከኪሱ አይለይ። ስሙን፣ ሕመሙን፣ የመድኃኒቱን ስምና የቤተሰብ ስልክ የያዘ ወረቀትም በኪሱ ይኑር። ሰው ሲንገዳገድ ስናይም "ጠጥቶ ነው" ብለን አንለፈው፤ ጠጋ ብለን "አባት፣ ምን ሆኑ? ስኳር አለብዎት?" እንበል።

አጎቴ አሁን ለሕክምና አዲስ አበባ ሲመጡ በግራ ኪሳቸው ቆሎ፣ በቀኝ ኪሳቸው ተምር ይዘው ነው። ቁርስ ሳይቀርብላቸውም ኪኒኑን አይነኩትም። በቅርቡ ስደውልላቸው "ልጄ፣ ዛሬ ሽሮ እየበላሁ ነው፤ የጾም ነው ብለውኛል፤ ድስቱንም ጠይቄያለሁ" ብለው አሳቁኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላሉን የሚያገራልን፣ ጤናችንንም የሚጠብቅልን ያድርገን። አሚን። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።